በዓይኔ አይቻለሁ

መንደራችን ስም የላትም፤ ቁጥር ነው ያላት። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡት ወላጆቻችን አሶሳ ዙሪያ ቀርከሃ መሐል ሲራገፉ ስም የሚያወጣላቸው ሰው ስላልነበረ፣ አምባ ብለው ቁጥር ለጠፉባቸው። ቁጥሯን እዚህ አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ምንም አይቀርበትም። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የራሴን ጭራሽ ያልጻፍኩት ግን አፍሬ ነው።

ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ረዳት ሳጅን፣ የወንጀል ምርመራ ቃል ተቀባይ። ሥራዬ ሰው ያየውንና የሰማውን ሲናገር መጻፍ ነበር። ጽሑፍ እንደምችል ደግሞ ራሴን አሳምኛለሁ። ተማሪ ሳለሁ በወላጆች ቀን ግጥም የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ፖሊስ ከሆንኩም በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ የሚያወጡት እኔን ነው። ባልደረቦቼ "ባለቅኔው" ይሉኛል። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ኢብራሂም ደግሞ "ሻዒር" ነው የሚለኝ፤ በእነሱ አፍ ገጣሚ ማለት ነው። ኢብራሂም የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማራት ትምህርት ቤትና ሥራ ላይ ነው። አንድ ገጽ ቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሰውየውን እያስቆመ "እንዴት አልክ? ድገም" ይላል። እኔ በግማሽ ቀን አምስት ሰው እሸኛለሁ። ሰው ያንዛዛል፤ እኔ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ። "ይሄ ልጅ የጻፈው ቃል ችሎት ላይ አይወድቅም" ተብዬ በስብሰባ ላይ ተመስግኛለሁ። ምስጋና የማያሰክረው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ከጥቂቶቹ አልነበርኩም።

ታደገ የተገደለው በክረምት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ወንዛችንን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። መንደሩ ሁሉ የጠረጠረው አንድ ሰው ነው፤ ካሳው። ካሳው የመንደሩ ብቸኛ ወፍጮ ባለቤት ነበር። ታደገ ደግሞ ያን ሰሞን ሰው እያስተባበረ የማኅበር ወፍጮ ሊያስተክል ደፋ ቀና ይል ነበር። በገበያ መሐል ተሰዳድበው ሰው ገላግሏቸዋል። ካሳው ተይዞ እኛ ጣቢያ ገባ። ግን የተመታበት ብረት አልተገኘም፤ "አየሁ" የሚልም ጠፋ። የመንደሩ ወፍጮ አንድ ብቻ ነው፤ እህሉን የሚያስፈጭ ሰው ምን ብሎ ይመስክር?

የቀብሩ ዕለት ተራ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። የሄድኩት እንደ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ላይ ነበር። አስለቃሿ እማማ ደብሬ ነበሩ። እኚህ ሴት መጻፍም ማንበብም አያውቁም፤ በአምባችን ሰው ሲሞት ግን ካህኑ ሳይጠሩ እሳቸው ይጠራሉ። ካህኑ በዚህ ይቆጡ ነበር፤ የራሳቸው እናት ሲሞቱ ግን መጀመሪያ የላኩት እማማ ደብሬ ዘንድ ነው።

አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ላይ ነውና። እማማ ደብሬ ከማስለቀሳቸው በፊት ከድንኳኑ ጀርባ ትንሽ ይቀመጣሉ። ሰዉ አንድ በአንድ እየመጣ በጆሯቸው ስለ ሟች የሚያውቀውን ያቀብላቸዋል። ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ረዳ፣ ምን ቀረበት፣ እንዴት ሞተ። እሳቸው ይሰሙና ተነስተው በሟች አንደበት ያወርዱታል፤ ታደገን ሆነው "እኔ" እያሉ። ከዚያ በኋላ ይሄን ማን ነገረሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የለቅሶ ቃል ባለቤቱ ሟቹ ነው። ለዚህም ነው ሰው በቁሙ የማይናገረውን ለቅሶ ቤት የሚያቀብለው።

ያን ቀን እማማ ደብሬ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙና እንዲህ አሉ፦

ከወንዙ ድንጋይ ላይ ልሻገር ስል ቆሜ፣
በወፍጮ ጌታ እጅ ፈሰሰልሽ ደሜ።

ትናንት እህሌን ፈጭቶ ሸኘኝ ተመስግኖ፣
ዛሬ እኔን ፈጨኝ በፌሮ ጨክኖ።

ያየኝ ዓይንስ አለ ከቀርከሃው ማዶ፤
አፉን ግን ዘጋበት ፍርሃት አስገድዶ።

ለቀስተኛው ቀጥ አለ። ከዚያ የታደገ ሚስት ጮኸች፤ ሌላው ተከተላት። እኔ ግን እንደ ሰው አላለቀስኩም። ፌሮ የሚለውን ቃል ይዤ ቀረሁ። ሐኪሙ የተመታው በክብ ብረት ሳይሆን አይቀርም ብሎ የነገረን በዚያው ጠዋት ነው፤ ወሬው ከጣቢያ አልወጣም። ያየ ሰው አለ ማለት ነው።

ማታ እናቴ ቤት ራት ስበላ ፊቷ ልክ አልነበረም። "አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር አንተ አትያዘው። ለሌላ ሰው ስጠው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ሥራዬ ነው እኮ።"

"ሥራ ሞልቷል" አለችና ሳህኑን አነሳች። ለእኔ ፈርታ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ደብሬን አስጠራኋቸው። ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሻይ አስመጣሁላቸው። የለቅሶውን ግጥም እንዲደግሙልኝ ስጠይቃቸው ሳያንገራግሩ ደገሙት፤ ጻፍኩት።

"እማማ፣ ሲመታ እርስዎ አይተዋል?"

"እኔማ በየት በኩል?"

"ታዲያ ማን ነገረዎት?"

"ሟች ነዋ ልጀ። አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ? አስለቃሽን እንዲህ ብሎ ይጠይቋል?"

ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሦስት ጊዜ "ሟች" አሉኝ። ካሳውን ያለ ምስክር አርባ ስምንት ሰዓት፣ ከዚያም ቀጠሮ አስጨምረን ይዘነዋል፤ አለቃዬ ጠዋት ማታ "ምስክር የታለ?" ይለኛል። ገዳዩ ካሳው መሆኑን እኔም አምኛለሁ። ግጥሙን አየሁት። ቦታው አለ፤ መሣሪያው አለ፤ ገዳዩም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አይቻለሁ" የሚል አፍ። እጄ እስክሪብቶውን ያዘና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ከቀኑ በግምት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከወንዙ ማዶ ባለው ቀርከሃ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ ተጠርጣሪው በያዘው ፌሮ ብረት የሟችን ጭንቅላት ሁለት ጊዜ ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ።" እጄ አልኩ እንጂ እኔ ነኝ። አውቄ ነው የጻፍኩት። እንዲያውም ቆንጆ ሆነልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል።

"ያሉትን ነው የጻፍኩት" ብዬ የቀለሙን ሳጥን አቀረብኩላቸው። ሕጉ አንብብላቸው ይላል፤ መጨረሻዋን መስመር ብቻ አነበብኩላቸው፤ "የሰጠሁት ቃል ትክክል ስለመሆኑ በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ" የምትለዋን። "የኛ ልጅ የጻፈውን ምን አጣራለሁ" አሉና አውራ ጣታቸውን አኖሩ። ጣታቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ሰጥቻቸው ሸኘኋቸው።

ሲወጡ ኢብራሂም አንገቱን ቀና አደረገ። ከማዶ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

"ሻዒር፣ ይሄ ሴትዮ አላየሁም አለ። አንተ አየ ብለህ ጻፍክ?"

"ማስተካከል ነው እንጂ ምን አደረግኩ? ነገሩ እውነት ነው።"

"እውነት ይሆናል። ግን እሱ አላለም። ሐራም ነው።"

"አንተ በዚህ አካሄድህ አንድም ሌባ ሳታሳስር ጡረታ ትወጣለህ" አልኩትና ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ወራት አለፉ። ችሎቱ የተሰየመው ማንጎ በየመንገዱ ዳር በተቆለለበት ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ያሰክራል። እማማ ደብሬ በጠዋት በባጃጅ መጡ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በፌስታል ማንጎ ይዘው። ፌስታሉን ለእኔ ሰጡኝ። "አፍህ ላይ ምንም ሳታደርግ መጥተህ ይሆናል" አሉኝ። አንዱን እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ ላጥኩና በላሁ። ዛሬም ማንጎ ሲሸተኝ ያ በረንዳ ይመጣብኛል።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ካሳው ከፊት ቆሟል፤ ከስቷል። የታደገ ሚስት በጥቁር ልብስ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ አልመጣችም፤ ወገቤን አመመኝ ብላለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገሩ እንደማይበላሽ እርግጠኛ ነበርኩ። ዐቃቤ ሕጉ ቃሉን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው "አዎ" ይላሉ፣ አለቀ። እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

እማማ ደብሬ ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ "ያዩትን ለፍርድ ቤቱ ያስረዱ" አላቸው።

እሳቸውም ነጠላቸውን አደገደጉ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ፤ "ከወንዙ ድንጋይ ላይ ልሻገር ስል ቆሜ..." ከኋላ የታደገ ሚስት መንሰቅሰቅ ስትጀምር ተሰማኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ ሰብሳቢው ዳኛ ጠረጴዛውን መታ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ለቅሶ ቤት አይደለም። በግጥም አንቀበልም። ያዩትን ብቻ በተራ ንግግር ይንገሩን።"

"በተራ ንግግርማ ምን እላለሁ ጌታየ? ያልኩት እሱ ነው።"

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም፤ ጨዋ ሰው ነበር፤ ውኃ እንዲሰጧቸው አዘዘ። ከዚያ የካሳው ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ። አልጮኸም፤ አላመናጨቀም። ለስላሳ ነበር፤ ለስላሳነቱ ነው ያስፈራኝ።

"እማማ፣ ሟች ሲመታ እርስዎ የት ነበሩ?"

"ቤቴ። ጎመን ስቀነጥስ።"

"ቤትዎ ከወንዙ ይርቃል?"

"ይርቃል እንጅ።"

"እንግዲያው ሲመታ አላዩም።"

"በየት በኩል አያለሁ ልጀ?"

ጠበቃው ወረቀት አነሳና የእኔን ጽሑፍ አነበበ። ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እያሳመረ። "...በዓይኔ አይቻለሁ።" እማማ ደብሬ የሌላ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት።

"ይህ የእርስዎ ቃል ነው?"

"እንዲህ አላልኩም።"

"ጣቱስ?"

ወረቀቱን አሳዩአቸው። አጎንብሰው አዩት። "ጣቱ የኔ ነው" አሉ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢው ዳኛ ጸጥ አሰኘና ራሱ ጠየቀ። "እማማ፣ ካላዩ ይህን ሁሉ ዝርዝር ከየት አመጡት? ማን ነገረዎት?"

"ሟች ነገረኝ።"

"የሞተ ሰው አይናገርም።"

"በለቅሶ ይናገራል ጌታየ።"

"ይስሙኝ። በሕይወት ያለ አንድ ሰው ነግሮዎታል። ያ ሰው ካየ፣ ቀርቦ ይመሰክራል፤ ገዳዩም ቅጣቱን ያገኛል። ስሙን ይንገሩን። እምቢ ካሉ ግን በሕግ ይጠየቃሉ።"

እማማ ደብሬ ዞር ብለው አዳራሹን ቃኙ፤ ዓይናቸው በየአግዳሚው ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ ቆመ። ቆየ። እየረገሙኝ መሰለኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሱ።

"የለቅሶ ቃል ያቀበለ ሰው አይጠራም። አስለቃሽ የነበረች እናቴም አልጠራች፤ እኔም አልጠራ።"

ዳኛው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ቀና ሳይል "ቃሉን የተቀበለው መርማሪ አለ?" አለ።

ተነሳሁ። ከአግዳሚው እስከ ችሎቱ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ላይ ስንቱን አሰብኩ! እውነቱን ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ እከሰሳለሁ፤ ማዕረጌ በወሩ መጨረሻ ሊጨመርልኝ ስሜ ሄዷል። ኢብራሂም ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ያየኛል። ወደ እሱ እንዳላይ አንገቴን አደነደንኩ።

"ይህን የጻፍከው ምስክሯ እንደተናገሩት ነው?"

"አዎ ክቡር ፍርድ ቤት። ቃል በቃል።"

ይኸው ነው። ዕድሜ ልኬን ከጻፍኩትና ከተናገርኩት ሁሉ ሕይወቴን የቀየረችው ያቺ መልስ ናት፤ ለመናገር ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀችም። እማማ ደብሬ አልጮኹም፤ አልተቃወሙም። "ኧረ ልጀ" ብቻ አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ሲወድቅ ያየ ሰው እንደሚለው።

እዚያው እንዲያዙ ታዘዘ። ሁለት ፖሊሶች በመሐል አድርገው ሲያወጧቸው በአጠገቤ አለፉ። ቆም አሉና "ለእናትህ ሰላም በልልኝ" አሉኝ። በዚያ ሰዓት የእናት ሰላምታ! ምፀት መሰለኝ። አንገቴን ደፋሁ። የሰጡኝ ማንጎ ፌስታሉ በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ዝንብ ወርሮታል።

ካሳው መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። እማማ ደብሬ ለፍትሕ አካል ሐሰተኛ ቃል ሰጥተዋል፣ ለችሎትም አልመልስ ብለዋል ተብለው አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ቆሞ የነበረው ወፍጮ ካሳው በተፈታ ማግስት ሥራ ጀመረ። ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ተሰለፈ፤ የታደገ ሚስት ሳትቀር። ምን ታድርግ? ልጆች አሏት።

ማዕረጉ ተጨመረልኝ። ለብሼው ግን ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ቃል ልቀበል እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ያ አውራ ጣት ይመጣብኛል። ስድስት ወር እንደ ምንም ቆይቼ ለቀቅኩ። አሁን ፍርድ ቤት አካባቢ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ አለኝ፤ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። "ሰማሁ" ያለኝን "ሰማሁ" ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ጊዜ አነብለታለሁ። ደንበኞቼ ይሰለቻሉ፤ "ኧረ በቃ ገባን" ይሉኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሕግ ቋንቋ ደረቅ ሐቅ ነው፣ ግጥም ደግሞ ፈጠራ ነው ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። የእኛ አያቶች በዛፍ ሥር "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በግጥም ይሟገቱ ነበር፤ ግጥሙ ያማረለት ሁሉ እውነተኛ ነበር አልልም። በዚያ ችሎት ግን ግጥሙ እውነት ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ያየ ዓይን እንዳለ፣ የፈራ አፍ እንዳለ ሳይቀር ተናግሯል። ሐሰቱ የነበረው በቁጥርና በሰዓት ያማረው የእኔ ገጽ ላይ ነው። በየበዓሉ መድረክ ከጮህኩት ግጥም ሁሉ ሰው ያመነልኝ ፈጠራ ያ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አንዲት አሮጊት ታሰሩበት። ቅጣቴ ይኸው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቅጣቱ ገና አልመጣም ነበር።

እናቴ የታመመችው እማማ ደብሬ ተፈትተው ከወጡ በኋላ ነው። ሆዷን ነበር። ወደ ከተማ አምጥቼ አስታመምኳት። አንድ ቀን ከሰዓት ትራሱን ከፍ አድርግልኝ አለችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ከቀርከሃው ማዶ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም።

"እንጨት ልለቅም ሄጄ። ካሳው ሲመታው አየሁ። ለደብሬ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ትጽፈው ነበራ" አለች። "ስሜ ከተጻፈማ በዚያ መንደር ብቻዬን እንዴት አድራለሁ?"

ቁጭ አልኩ። ያ የችሎቱ ዓይን፣ ያ "ለእናትህ ሰላም በልልኝ" ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እማማ ደብሬ እኔን ሲያዩኝ እየረገሙኝ አልነበረም። ስሙን ቢጠሩ ነፃ ይወጣሉ፤ የሚጠሩት ስም ግን የእናቴ ነው፤ ልጇ ደግሞ ፊታቸው ተቀምጧል። እሳቸው ለእናቴ ሲሉ ዝም አሉ፤ እኔ በዚያው ደቂቃ ተነስቼ ዋሸሁባቸው።

"በየአስራ አምስት ቀኑ እስር ቤት ስንቅ እወስድላት ነበር" አለች እናቴ። "አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልወጣትም። ደግነቷ ነው የገደለኝ።"

በአራተኛው ቀን ሞተች።

ሬሳዋን ወደ መንደር ወሰድነው። እማማ ደብሬ ከእስር ከወጡ ወዲህ ለማንም አስለቅሰው አያውቁም ነበር፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መዝሙር ይከፈታል። ለእናቴ ለቅሶ ግን መጡ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ።

"እማማ፣ ሁሉንም ነግራኛለች። እኔን ይቅር አይበሉኝ። ለእሷ ግን አንድ ስንኝ።"

ፊቴን በእጃቸው ቀና አደረጉት። ቁጣ የለባቸውም፤ ድካም ብቻ ነበር።

"ልጀ፣ ያላየሁትን እንዳልናገር ዳኛው አስጠንቅቀውኛል። የእናትህን ሞት አላየሁም።"

"ኑሮዋንስ?"

"ኑሮዋንማ አይቻለሁ" አሉ። "እሱን ልናገረው ትወዳለህ?"

ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። ካሳው ሳይቀር መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ኑሮዋ ከተነገረ ያየችውም፣ እኔ የዋሸሁትም ይነገራል፤ አዎ ልላቸው አልደፈርኩም። እማማ ደብሬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ያለ ቃል፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ። እናቴ ያለ አንዲት ስንኝ ተቀበረች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጣቢያ ሄድኩ። ኢብራሂም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ጸጉሩን ሽበት ጀምሮታል።

"ሻዒር! ምን አመጣህ?"

"ቃል ልሰጥ ነው።"

ወረቀት አወጣ። እናቴ የነገረችኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። እያስቆመኝ፣ እያስደገመኝ ጻፈ። ምሳ ሰዓት አለፈ።

"አንተ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ማን ነገረህ?"

"ሟች ነች የነገረችኝ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

"ይሄ ፍርድ ቤት አይቀበልም። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

ያልኩትን ብቻ ጻፈ፤ "ሟች ነገረኝ" ብሎ። አንድም አልጨመረ፤ አንድም አልቀነሰ። ወረቀቱን ወደ እኔ ሊያዞረው ሲል እጁን ያዝኩት።

"ሌላም ቃል አለኝ። እማማ ደብሬ ጣታቸውን ያኖሩበት ወረቀት የእሳቸው ቃል አይደለም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ችሎት ቆሜም ዋሽቻለሁ።"

ኢብራሂም ተነስቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ እስኪቀመጥ ብዙ ጊዜ የወሰደ መሰለኝ።

"ይሄ አንተን ያሳስራል።"

"ይሁን።"

"እሺ" አለና አዲስ ወረቀት ሳበ። "ይሄንንስ ማን ነገረህ?"

"ማንም። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።"

ጻፈው። ሦስት ጊዜ አነበበልኝና ፈረምኩ።